ጋሽ ቢተው ያሳለፏቸው ዛፎች

ሚያዝያ 27
ሙጃ ገባን። ብርዱ አጥንት ይበሳል። ወፍራም ሹራብ አለመያዜ…
ነገ የትምህርት ቤቱን ዛፎች መመርመር እንጀምራለን። ሃምሳ አንድ ናቸው። የሚበዛው ባሕር ዛፍ፣ ጥቂት ወይራ፣ ስድስት ትልልቅ ጽዶች። አዲስ መማሪያ ክፍል ሊሠራ ነው። የት እንደሚሠራ የሚወሰነው በእኛ ወረቀት ነው። ሊወድቅ የሚችል ዛፍ ካለ ወይ ይቆረጣል፣ ወይ ክፍሉ ይርቃል።
ምርመራውን የሚመሩት ጋሽ ቢተው ከላሊበላ እስከዚህ አንድ ቃል አልተናገሩም። ሹፌሩ ሁለት ጊዜ ጠይቋቸው ዝም አሉ። ደክሟቸው ይሆናል።

ሚያዝያ 28
ሃያ ሁለት ዛፍ ጨረስን። እሳቸው ያንኳኳሉ፣ እኔ እጽፋለሁ፣ እሳቸው ይፈርማሉ። ሦስት ዓመት እንዲሁ ነው የሠራነው። በጎማ መዶሻ ግንዱን ዙሪያውን ይመታሉ። ውስጡ ደህና ከሆነ ድምፁ ድፍን ነው፣ አጭር። ከበሰበሰ ባዶ በርሜል ይመስላል። "ጤነኛ" ይላሉ። "ጤነኛ" ብዬ እጽፋለሁ።
ቁጥር 19 ላይ ግን… ትልቁ ጽድ ነው፣ ልጆቹ በእረፍት ሰዓት ሥሩ የሚቀመጡበት። በምሥራቅ በኩል ሲመቱት ድምፁ ሌላ መሰለኝ። ቀና ብዬ አየኋቸው።
"ጤነኛ" አሉ።
ጻፍኩ። ሠላሳ ዓመት የሠሩ ሰው ናቸው። እኔ ማን ነኝ?

ሚያዝያ 29
አላስቻለኝም። ጠዋት ብቻዬን ሄጄ በወፍራም ዱላ መታሁት። ባዶ። ከጉልበቴ እስከ ደረቴ ድረስ ባዶ!
ቁርስ ላይ ነገሩን አነሳሁ። ሌላ ሰው እንዳይሰማ ድምፄን ዝቅ አድርጌ።
"ጋሼ፣ ያንን አሥራ ዘጠኝ ቁጥር ደግመን ብናየው?"
"አዎ፣ ጨው አንሶታል" አሉ።
ሳቅኩ። ቀልድ መስሎኝ። ከዚያ ፊታቸውን አየሁት። ቀልድ አልነበረም።

ሚያዝያ 30
ሙሉ ቀን ስሰልላቸው ዋልኩ። ያሳፍራል። ከኋላ ስጠራቸው አይዞሩም። ከፊት ስናገር የሚያዩት ከንፈሬን ነው። መጨረሻ ላይ ጀርባቸው ጋ ቆሜ "ጋሼ፣ ንብ መጣ!" አልኩ። የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ጋቢውን ራሱ ላይ ጥሎ ሮጠ። እሳቸው መምታታቸውን ቀጠሉ።
ጆሯቸው ሄዷል። ከመቼ ጀምሮ? "ጤነኛ" ብዬ የጻፍኳቸው… ስንቶቹ ናቸው ጤነኛ? በስንቱ ዛፍ ሥር አሁን ሰው ተቀምጧል?
ሃምሳ አንዱንም ጨርሰናል። ሪፖርቱንም እሳቸው ፈርመው ላሊበላ ላለው ቢሮ ልከውታል።

ግንቦት 2
ነገርኳቸው። ጽዱ ሥር፣ ፊት ለፊታቸው ቆሜ፣ ቀስ እያልኩ።
"ጋሼ፣ ይሄ ዛፍ ባዶ ነው።"
"ማነው ያለው?"
"እኔ። ሰምቼዋለሁ።"
"ምነዋ ፀደይ? እኔው ያስተማርኩሽ ልጅ ልታርሚኝ ነው?"
"ጋሼ… አይሰማዎትም እኮ።"
ፊታቸው ጠቆረ። መዶሻውን መሬት ላይ ጥለው ሄዱ። ወዲያው ደወል ተደወለ። ልጆቹ እየሮጡ መጥተው ሥሩ ዘፍ ዘፍ አሉ። መዶሻውን ይዤ ቆሜ ቀረሁ።
ለርዕሰ መምህርቷ ለአልጣሽ ነገርኳት። "ልጆቹን ለጊዜው ከዚህ አርቂልኝ።"
"ጤነኛ ነው አላላችሁም? ለወላጆች ነግሬአለሁ እኮ!"
"እስክናጣራ ብቻ።"
በጥርጣሬ አየችኝ። ግን ዙሪያውን ገመድ አስወጠረች። እግዜር ይስጣት።

ግንቦት 3
ለአቶ ኪዳን ደወልኩ። ላሊበላ ያለው ኃላፊያችን ነው።
"ሪፖርቱ ደርሶናል። ግንቦት 7 ወላጆች ባሉበት ይጸድቃል" አለኝ።
"ስህተት አለበት።"
"የማን ስህተት?"
"የእኔ… ስጽፍ ነው የተሳሳትኩት።"
"እንግዲያ ስብሰባው ላይ ራስሽ ተነስተሽ ትናገሪያለሽ።" ስልኩን ዘጋው።
ለምን ዋሸሁ? አባቴ በሞተበት ዓመት ሥራ ያስገቡኝ ጋሽ ቢተው ናቸው። ለዚያ ነው? የእኔ ጽሕፈት ስህተት ከተባለ አንድ ዛፍ ይታረማል። ሌሎቹስ? ማን ደግሞ ያያቸዋል?

ግንቦት 4
ከሰዓት በኋላ ሙሉ ነፋስ። አራት ልጆች ከገመዱ ሥር ሾልከው ገቡ። ጮህኩባቸው። አንዷ አለቀሰች። ጋሽ ቢተው ከአልጋ ቤቱ አልወጡም።

ግንቦት 5
እትዬ ወለተ ሩፋኤል ደወሉ። የጋሽ ቢተው ባለቤት።
"ፀዱዬ፣ ሜሴጅ ብልክለት አልመልስ ብሎኝ ነው። ደህና ነው?"
"ደህና ናቸው።"
"የጆሮውን ነገር… ደርሰሽበታል አይደል?"
ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል! ደሴ ድረስ ወስደዋቸው ነበር። ሐኪሙ አንዱ ጆሮ ጨርሶ ሄዷል፣ ሁለተኛውም እየሄደ ነው ብሏል። "ጡረታዬ እስኪደርስ ለማንም እንዳትተነፍሺ ብሎ አስምሎኝ ነው፣ ልጄ።"
ጋሼ ራሳቸው ያውቁ ነበር ማለት ነው። ተናደድኩባቸው። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ። ማዘን አልነበረብኝም? አዝኛለሁም። ሁለቱም አንድ ላይ።

ግንቦት 7
ስብሰባው።
ወላጆች ክፍሉን ሞልተውታል። አቶ ኪዳን ከፊት። ጋሽ ቢተው ጥግ ላይ። ተነሳሁ። የጽሕፈት ስህተት ነው ልል ተዘጋጅቼ ነበር… ከአፌ የወጣው ሌላ ነው።
"አሥራ ዘጠኝ ቁጥር ባዶ ነው። ስጽፍ አልተሳሳትኩም። ምርመራችን ነው የተሳሳተው። በሌላ ቦታ ያየናቸውም ሁሉ ደግመው መታየት አለባቸው።"
ሰውአገኝ የሚባሉ ሽማግሌ ተነሱ። "አንድ ጊዜ ጤነኛ፣ አንድ ጊዜ በሽተኛ! ነገ ደግሞ ምን ልትሉን ነው? ይህን ጽድ አያቴም ቆሞ ነው ያገኘው።"
ቤቱ ተንጫጫ። አቶ ኪዳን "ተቀመጪ" አለኝ ጥርሱን ነክሶ።
ጋሽ ቢተው ተነሱ። ጫጫታው ጋብ አለ።
"ልጅቷ ያለችውን አልሰማሁም" አሉ። ድምፃቸው ከልክ በላይ ጮኸ፣ ለእሳቸው አይታወቃቸውም። "ያልሰማሁት ጆሮ ስለሌለኝ ነው። የዛፉንም አልሰማሁም። ጤነኛ ያልኩት እኔ ነኝ፣ እሷ አይደለችም።"
ተቀመጡ። አቶ ኪዳን የሚያየው ጠረጴዛውን ነበር።

ግንቦት 9
በቀጭን መሰርሰሪያ አራት ቦታ በሳነው። አምስት ሳንቲሜትር ደህና እንጨት፣ ከዚያ መሰርሰሪያው ወደ ውስጥ ስምጥ አለ። ቡናማ ዱቄት ፈሰሰ። አቶ ሰውአገኝ በመዳፋቸው ተቀብለው አዩት፣ አሸተቱት። ይቆረጣል። ሌሎቹም ዛፎች ስለማያስተማምኑ ክፍሉ ወደ ላይኛው ሜዳ ይሄዳል።

ግንቦት 12
ተቆረጠ። ጉቶው ውስጥ ሁለት ተማሪዎች ቆመው ሲሳሳቁ አየሁ። ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ።
ጋሽ ቢተው በጠዋቱ መኪና ወደ ላሊበላ ሄደዋል። ሳይሰናበቱኝ።

ግንቦት 20
ላሊበላ። ጋሽ ቢተው ሥራ ለቀዋል። በሁለት ዓመት ውስጥ ያሳለፏቸው ሁሉ ይደገማሉ፣ የምደግመው እኔ ነኝ። ከአራት መቶ ዛፍ በላይ። ዝናቡ ደርሷል። ከየት ልጀምር?
ቤታቸው ሄድኩ። እትዬ ወለተ ሩፋኤል በሩ ላይ ቆመው "ተኝቷል" አሉኝ። ጋሼ ከውስጥ ሲያስሉ ይሰማኛል። ሁለታችንም እንዳልሰማን ሆንን። ተመለስኩ።

ግንቦት 23
እትዬ ወለተ ሩፋኤል ቢሮ ድረስ መጡ። የታጠፈ ወረቀት ሰጥተውኝ፣ ተቀመጡ ብላቸው እንኳ እምቢ ብለው ሄዱ።
የጋሽ ቢተው እጅ ጽሕፈት። ሰላምታ የለውም። አሥራ አንድ ዛፍ፣ ከነቦታው፣ ከነቀኑ። ከታች፦ "እነዚህን ስመታ የመዶሻው ንዝረት ሌላ ሆኖ እጄ ተጠራጥሮ ነበር። ጤነኛ አልኩ። ከላይ ጀምሪ። የመጀመሪያው ሥር ቤት አለ።"
ሦስት ጊዜ አነበብኩት። እጃቸው ተጠራጥሮ፣ ቤት እያዩ… ይቅር እላቸው ይሆን? አላውቅም። አሁን አልችልም።
መኪና ጠይቄአለሁ።

ግንቦት 24
ኩልመስክ። ትልቅ ወይራ፣ ወደ ቤቱ ጣሪያ ያዘነበለ። ባለቤቷ ሪሃና ትባላለች፣ ሕፃን አዝላለች።
"ባለፈው የመጡት ሽማግሌ ምንም አይልም ብለውን ነበር እኮ" አለች።
"ተሳስተን ነበር።"
ዙሪያውን መታሁት። ሦስት ጊዜ ዞርኩት። ከዚያ ሕፃኑን ተቀበልኳት፣ እሷ ፍራሹንና ዕቃውን አወጣች። እስኪቆረጥ ጎረቤት ታድራለች። ቅጹ ላይ "አደገኛ" ብዬ ጻፍኩና ራሴ ፈረምኩ።
ለጋሽ ቢተው ሜሴጅ ላክሁ። "የመጀመሪያው ባዶ ነው። ሰዎቹ ወጥተዋል።"
መልስ አልጠበቅኩም። መኪናው ሲነሳ ስልኬ ነዘረ።
"ሁለተኛውን በሰሜን በኩል ምቺው።"
እሺ ብዬ ጻፍኩላቸው። ለሹፌሩም ወደ ሁለተኛው ዛፍ የሚወስደውን መንገድ አሳየሁት።