ሁሌ ክፍት የሆነ በር

ሐምሌ 3፣ ሐሙስ
“የእሷ በር እኮ ሁሌ ክፍት ነው!” ኮሪደር ላይ ሰማሁ። ብርቱካን ናት፣ ማዕከሉን የምታዘወትር ልጅ፣ ለጓደኛዋ ስትናገር። ማስታወሻዬ፣ ከጅማ ተዛውሬ የዚህ ወጣት ማዕከል ኃላፊ ከሆንኩ ወዲህ የመጀመሪያው ምስጋና ነው። በሩ የማይዘጋው ግን በአመራር ጥበቤ አይደለም። ዝናብ ጠጥቶ አብጦ ነው። ይህን ላንቺ ብቻ። ሪፖርቱ ላይ “ተደራሽ አመራር” ብዬ አስገባሁት።
ምሽት፣ አማን ከተማ፣ የኪራይ ቤቴ። መጻሕፍቴ ሻግተዋል። አንድ በአንድ ወለወልኳቸው። ከሥራ ከወጣሁ ወዲህ ያነጋገርኩት ሌላ የለም።

ሐምሌ 4፣ ዓርብ
ብርቱካን በሬ ላይ ቆመች። ግቢ አልኳት። ዓይኗ ፒንግፖንግ ወደሚጫወቱት ልጆች ሄደ። ጠረጴዛቸው በሬ ፊት ለፊት ነው። “አይ፣ ሰላም ልበልዎት ብዬ ነው።” ደህና ነሽ? ደህና። እርስዎስ? ደህና። ሁለታችንም ዋሸን።

ሐምሌ 7፣ ሰኞ
አማካሪያችን ደረጀ ነገረኝ። ብርቱካንን አክስቷ ቴፒ ልትወስዳት መጥታለች። ልጅቷ መሄድ አትፈልግም። ምክንያቱን ለሴት ካልሆነ አልናገርም ብላዋለች። ታዲያ ለምን እኔ ጋ አትገባም አልኩት። ሳቀብኝ።
“እህቴ፣ በርሽ ወለል ብሎ? ያ ሁሉ ኳስ መቺ እየሰማ?”
የሐሙሱ ምስጋና ለካ ስሞታ ነበር። ሪፖርቱ ሄዷል።
ቤቷ ልሂድ አልኩ። አይሆንም አለ፤ አክስቷ ጠርጥራ ዛሬውኑ ይዛት ትሄዳለች። ነገ ጠዋት ትምጣ በላት አልኩት። ነገራት፤ እሺ አለች። ለአናጢው ደወልኩ።

ሐምሌ 8፣ ማክሰኞ
ደረጀ ሥልጠና ሄዷል። አናጢው በማለዳ መጥቶ የበሩን ጠርዝ ላገው። አሁን በአንድ ጣት ይዘጋል። ሁለት ወንበር ፊት ለፊት። ውሃ። ሶፍት። ዘጋሁ። የኳሱ ድምፅ እንኳ ራቀ። እንደምታወራ አሁን እርግጠኛ ነኝ። ምን ብዬ እንደምጀምር እየተለማመድኩ ነው፣ ብቻዬን፣ ጮክ ብዬ።
ምሳ ሰዓት ደረሰ። አልመጣችም።

ከሰዓት
ወጥቼ ኳስ መቺዎቹን ጠየቅኳቸው። መጥታ ነበር። በሩን አየች፣ ቆመች፣ ስትሄድ “ስብሰባ ላይ ናቸው መሰለኝ” አለቻቸው። ለምን አላንኳኳችም? ግራ ገብቷቸው ተያዩ።
መናኸሪያ ሮጥኩ። የቴፒው መኪና እሷንና አክስቷን ይዞ ወጥቷል።
እዚህ መ/ቤት በር የሚዘጋው ለስብሰባ ብቻ ነው።