አብረው የሚበሉበት ኮርስ

ጥቅምት 6
የመሥሪያ ቤቱ ሰርቨር ዛሬም ወደቀ። አነሳሁት። ቀኑን ሙሉ ከሰው ጋር ያወራሁት "አሁን ይሠራል?" የሚለውን ብቻ። ቤት ገባሁ... ጸጥ።

ጥቅምት 9
አለቃዬ ጠራኝ። "የኔትወርክ ሰርተፍኬቱን ካላመጣህ የቡድን መሪነቱ ለሌላ ሰው ነው።" ያለኝ ምርጫ ሁለት ነው፤ ወይ እዚሁ ሆኜ በኢንተርኔት ቀስ እያልኩ መማር፣ ወይ ውጭ አገር ሄጄ ሁለት ሳምንት እዚያው እያደርኩ አጥንቼ መፈተን። "አስብበት" አለኝ።

ጥቅምት 12
ውጭ አገር ያለው ማሠልጠኛ ጋ ደወልኩ። ስለ ፈተናው፣ ስለ ልምምዱ ጠየቅኩ። መጨረሻ ላይ... "ተማሪዎቹ የሚበሉት አብረው ነው?" ስልኩን ያነሳችው ሴት ሳቀች። "ቁርስም፣ ምሳም፣ እራትም።" ምን ነካኝ? ይሄ ይጠየቃል?

ጥቅምት 15
እህቴ ቤት። ልጄ እናቷ ካረፈች ጀምሮ እዚያ ናት። "ብቻህን እንዴት ታሳድጋታለህ?" ብላ እህቴ ወሰደቻት፤ እኔም እሺ አልኩ። ስለ ጉዞው ስነግራት "ሂድ እንጂ ወንድምዬ፣ እዚህ ምን አለህ?" አለች። ክፉ አስባ አይደለም። ልጄ ቀና ብላ አየችኝ... ወደ ሥዕሏ ተመለሰች።

ጥቅምት 16
እሄዳለሁ።

ኅዳር 11
የመጀመሪያው እራት። ረጅም ጠረጴዛ፣ ሙሉ ሰው። ሁሉም ከሳህኑ አጠገብ ላፕቶፑን ከፍቶ ጥያቄ ይሠራል። የሹካ ድምፅ ብቻ። ጎኔ ያለውን ሰውዬ "ከየት መጣህ?" አልኩት። "ከፈተናው በኋላ እናወራለን" አለኝ፣ ቀና ሳይል። እውነቱን ነው። የመጣው ለዚህ ነው። እኔስ?

ኅዳር 17
ልጄ በአክስቷ ስልክ ደወለች። "አባዬ፣ ከማን ጋር ነው የምትበላው?"
"ከብዙ ሰው ጋር። አንቺስ?"
"ከአክስቴ ልጆች ጋር። ግን እነሱ ቶሎ ጨርሰው ይነሳሉ..."
ከዚያ ስለ ጫማዋ አወራችኝ። እኔ አልሰማኋትም፤ "ይነሳሉ" ያለችው ላይ ቀርቻለሁ።

ኅዳር 24
አለፍኩ። ለጥቂት፣ ግን አለፍኩ። ሁሉም ሻንጣውን እየጎተተ ወጣ። ሰውዬውም ሄደ፤ ወሬው ቀረ።
አውሮፕላን ማረፊያ ሆኜ ለእህቴ ደወልኩ። "ልጄን ልወስዳት ነው።"
"ማን ሊያበላት?"
"እኔ።"
"አንተ እንኳን ለሰው ለራስህም አታበስል..." ድምፅዋ ግን ለስልሶ ነበር።

ታኅሣሥ 2
ቡድን መሪ ሆኛለሁ። ከሥራ በጊዜ ወጣሁ። ለእኔና ለልጄ የሠራሁት ፓስታ ላሸቀብኝ። "አባዬ፣ ይሄ ሙጫ ነው" አለች፤ በላችው ግን። ሳህኔን ይዤ ልነሳ ስል እጅጌዬን ያዘችኝ።
"አልጨረስኩም እኮ።"
ተቀመጥኩ። ቀስ ብላ ነው የምትበላው... አላውቅም ነበር።