በሰማንያ እርምጃ የተሰበረው አረር

ውድ ወዳጄ፣ «የሰዓት ሠሪዎች አለቃ» እያልሁ የምቀልድብህ፣

ሱቆቻችንን ከመንገዱ ማዶ ለማዶ ከፍተን ሠላሳ አንድ ዓመት ስንተያይ፣ አንተ ማጉያ መነጽርህን በአንድ ዐይንህ ላይ ሰክተህ ከአሸዋ ቅንጣት የማይበልጡ ብሎኖችን በወረንጦ ስታነሣ፣ እኔም በመድኃኒት ቤቴ ሚዛን ዱቄት ስመዝን፣ በመካከላችን ደብዳቤ የሚያስፈልገው ነገር ይኖራል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር፤ የሚባል ነገር ካለ መንገዱን ተሻግሮ መናገር ብቻ ነበርና። ዛሬ የአንተ ሱቅ የስልክ ሽፋን መሸጫ ሆኗል፤ እነዚያ እርስ በርሳቸው ሳይስማሙ ይቆጥሩ የነበሩ የግድግዳ ሰዓቶች በተሰቀሉበት ስፍራ ትልቅ መስተዋት ቆሟል፤ እኔም ቀና ባልሁ ቁጥር ከማዶ የሚመለከተኝ የራሴ ሽበት ነው።

ባለፈው ሳምንት ልጅህ ደወለችልኝ። ከሰላምታው በኋላ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ጋሼ፣ ለእጅ መንቀጥቀጥ የሚሆን መድኃኒት ይኖራል?» አለችኝ።

«ይንቀጠቀጣል እንዴ?»

«እኔስ አላየሁም። አባባ ግን እጄን አላምነውም ይላል። የልጄን የእጅ ሰዓት ባትሪ ቀይርላት ብለው፣ ለሚያይ ሰው ስጪው አለኝ። ቀኑን ሙሉ እጁን ብብቱ ውስጥ ከትቶ ነው የሚቀመጠው።»

ፈልጌ እደውልልሻለሁ ብያት ዘጋሁ። መድኃኒት ስቀምም አርጅቼ፣ እኔ ራሴ ላመጣሁት ሕመም መድኃኒት ስጠየቅ ይህ የመጀመሪያዬ ነበር።

ከደረጃው ወድቀህ ከተጎዳህ ወዲህ ትከሻህ የትልቁን ጠመንጃ ርግጫ አልችል ስላለ፣ የአፈሙዙ ቀዳዳ ስድስት ሚሊሜትር ተኩል ብቻ የሆነውን ቀላሉን የአደን ጠመንጃ እንድትይዝ የመከርሁህ እኔ ነኝ፤ በዚህስ አልጸጸትም። ትንሽ አረር ረዥምና ለስፋቱ ከባድ ሆኖ ከተሠራ ነፋሱን ሰንጥቆ ርቆ ይሄዳል፤ በአግባቡ ከተተኮሰም ትልቁን አውሬ ይጥላል። ነገር ግን የመራጩን ስሕተት የሚሸከምበት ትርፍ አካል ስለሌለው፣ ከትልቁ ይልቅ ምርጫው ጥንቃቄ ይሻል፤ እኔም የወደቅሁት በዚህ ነው።

ታስታውስ እንደሆነ በጠረጴዛዬ ላይ ሁለት ሳጥን ነበረ፤ አረሮቹ በስፋትም በክብደትም እኩል። የአንደኛው የመዳብ ልባስ ወፍራምና ከውስጡ እርሳስ ጋር የተጣበቀ ነበር፤ አጥንት ቢያጋጥመው እንኳ ሳይበተን ወደ ውስጥ የሚዘልቅ። የሌላው ልባስ ስስ፣ ለወረቀት ዒላማ የተሠራ ነበር። አንተ ወፍራሙን በጣትህ ነክተህ፣ «ይኼ ይሻላል። አጋዘን ወረቀት አይደለም» አልህ። እኔ ግን በአራት መቶ እርምጃ የተኮስንባቸውን ወረቀቶች ዘርግቼ፣ የስሱን አምስት ቀዳዳዎች በአንድ የካፖርት ቁልፍ ሸፍኜ አሳየሁህ፤ የምንተኩሰው ከሩቅ ነው፤ በዚያ ርቀት ፍጥነቱ ስለሚበርድ አይሰበርም ብዬም ተከራከርሁህ።

«እሺ ቀማሚው፤ እንደ ልማዴ የሰጠኸኝን እውጣለሁ» ብለህ ሣቅህ።

ስሌቴ ለሩቁ ትክክል ነበር። አጋዘኑ ግን፣ የማዶውን ሸለቆ በመነጽር ስንቃኝ ባረፈድንበት ጠዋት፣ ከአጠገባችን ካለው ቁጥቋጦ በሰማንያ እርምጃ ላይ ወጥቶ ጎኑን ሰጥቶን ቆመ። ተኮስህ። አንድ ጊዜ ተንበረከከና ተነሥቶ ቁልቁል ሮጠ፤ ጥቂቱን ደም እስከ ጀንበር መጥለቂያ ተከትለን ድንጋያማው ላይ አጣነው። ያን ጊዜ ተቀምጠህ እጅህን እያገላበጥህ አየኸውና፣ «በሰማንያ እርምጃ የሳተ እጅ የሰው ሰዓት ሊነካ አይገባም» አልህ። እኔም፣ ጥርጣሬው በልቤ ገብቶ ሳለ፣ «ዕድሜ ነው፤ ሁላችንም ደክመናል» አልሁህ።

በሦስተኛው ቀን የደኑ ጠባቂ አሞራ የሚዞርበትን ስፍራ ጠቁሞኝ ብቻዬን ሄድሁ። አጋዘኑ በተመታው ጎኑ ላይ ተኝቶ ስለነበር አሞሮቹ ቁስሉን አልነኩትም፤ በመከራ ገለበጥሁት። አንተ ባነጣጠርህበት በትክክል፣ ጣት እንኳ ሳታዛንፍ፣ ትከሻው ላይ መትተኸዋል። ቁስሉ መዳፍ ያህል ሰፊ ነበር፤ ጥልቀት ግን አልነበረውም። በቢላዬ ጫፍ ስፈልግ የመዳብ ስባሪና የእርሳስ ፍርፋሪ አጥንቱ ላይ ተበትኖ አገኘሁ፤ ወደ ሳንባው የዘለቀ አንድም የለም። ፍጥነቱ ሳይበርድ በቅርብ ስለደረሰ፣ ስሱ ልባስ እንደ ብርጭቆ ተሰባብሮ ነበር።

ስመለስ ጠመንጃህን በጨርቅ ጠቅልለህ ደጃፌ ላይ ቆመህ ጠበቅኸኝ። «ዐይን ያለው ይያዘው» ብለህ ዘረጋህልኝ። ተቀበልሁህ። የመዳቡ ስባሪ ኪሴ ውስጥ እያለ ተቀበልሁህ።

በሥራ ዘመኔ ማንም «ተሳሳትህ» ብሎኝ አያውቅም ነበርና፣ ይህችን አንዲት ቃል ላለመስማት ስል አንተን ከሥራህ፣ ኋላም ከዚህ መንገድ እንድትርቅ ተውሁህ። የሰፈራችን ሥጋ ሻጭ በሻይ ቤት «ሰማንያ እርምጃ? እኔ በቢላዬ እደርስበት ነበር» እያለ ሲያስቅብህ፣ አብሬ አልሣቅሁም፤ ግን ሻዬን አማስል ነበር። አንተ ወደ ልጅህ ቤት ከሄድህ አራት ዓመት ሆነ። አሁን የማማስለው ብቻዬን ነው፤ በልጅህ ስልክ ማግስትም ያንኑ ሥጋ ሻጭ ጠርቼ ሁሉን ነገርሁት።

«ይኼን ሁሉ ጊዜ ስቀልድበት ሰምተህ ዝም አልክ?» አለኝ።

«ዝም አልኩ።»

«እኔስ ሳላውቅ ነው። አንተስ?» ብሎ ብርጭቆውን ይዞ ወደ ሌላ ጠረጴዛ ሄደ።

ያን ምሽት ይህን ደብዳቤ ልጽፍልህ ተቀመጥሁ። ይቅርታ አልለምንህም፤ ሳይገባኝ ብትሰጠኝ አንተን ዳግመኛ መዝረፍ ይሆንብኛልና። የምለምንህ አንድ ነገር ብቻ ነው። እጅህን ከብብትህ አውጣ፤ የልጅ ልጅህን ሰዓት ተቀብለህ ክዳኑን ክፈት፤ ትንሿን ብሎን በወረንጦ አንሣት። ብትወድቅብህ ዕድሜን ውቀስ፤ ባትወድቅብህ እኔን።

በመንገዱ ማዶ የቀረው ወዳጅህ፣
ቀማሚው