ወደ አክስት ጓን በር የዞረው መስኮት

ልጄ ሼንሩ፣ የባሕር አምላካችን እናታችን ማዙ ከክፉ ትጋርድሽ፤ የዚያ አገር ብርድም አጥንትሽን አይንካው። አሁን ቁጭ በይና ጨክነሽ አንብቢ፦ ከፊት ለፊት ጎረቤታችን ከአክስት ጓን ጋር ጦርነት ገጥመናል።

አትደንግጪ፣ የሞተ የለም። የከሰዓት ፀሐይ ሳሎኑን እቶን ሲያደርግብን አባትሽ መስኮቱ ላይ ሙቀት የሚመልስ ስስ ፕላስቲክ ለጠፈ። ቤቱ ቀዘቀዘ፤ ከውጭ ሲታይ ግን መስኮቱ ወደ አክስት ጓን በር የዞረ መስታወት ሆኖ አረፈ። ወደ ሰው በር መስታወት ማዞር ክፉ ዕድል መላክ መሆኑን አባትሽ ረሳው፤ እኔም እሱን አምኜ! በማግስቱ እሷም ባለ ስምንት ማዕዘን መስታወት በሯ ላይ ሰቅላ ዕድሉን ወደ እኛ መለሰችው። ሃያ ዓመት አብረን ገበያ ወጥተን፣ ሰላምታ ተነፋፈግን።

በስድስተኛው ቀን ናፍቃኝ ማንጎ ይዤ ሄድኩ።

«እርግማንሽን ልትወስጂ መጣሽ?» አለችኝ።

«ፀጉሬን ላበጥር ነው እንጂ፤ ያንቺ መስታወት ይሻላል» አልኳት።

ሳቋን ልትውጠው ብላ አቃታት። «ዕድሉስ ይቅር፤ የመስኮታችሁ ነጸብራቅ የቴሌቪዥን ድራማዬን አላሳይ አለኝ እኮ!»

አባትሽ በሯ ላይ የቀርከሃ መጋረጃ ሰቀለላት፣ እሷም መስታወቷን አወረደች።

ዕድሜሽ ይርዘም፣ ማዕድሽ አይጉደል። ፎቶሽን ላኪልኝ፤ አባትሽ ከስታለች እያለ ይጨቀጭቀኛል። ጦርነት ያልኩሽም፣ እውነቱን ልንገርሽ፣ አንድ መጋረጃ የሚበቃው ነገር ነበር።