ሐሊማን ማንም አይበጣትም
ማክሰኞ፣ ማርች 14፣ 2006፣ ሞያሌ

ዛሬ ቦሪ መንደር ዳር ፍየል ስንጠብቅ ታናሽ እህቴን ሐሊማን እባብ እግሯን ነደፋት። አጎቴ ሊበጣትና መርዝ ይመጣል የሚባለውን ጥቁር ድንጋይ ሊለጥፍባት ምላጭ አወጣ። ነጠቅኩት።

«ትምህርት ያቋረጥሽው አንቺ፣ ዛሬ ዳክታሪ ሆንሽ?» አለኝ።

«አቡያ» አልኩት፣ አጎትን እንደምንጠራው፣ «ያቋረጥኩት ትምህርቱን ነው፣ ጆሮዬን አይደለም። ነርሷ ሰፈር መጥታ ‹አትብጡ፣ ቶሎ አምጡ› ስትል አንተም ነበርክ።»

እግሯ እንዳይንቀሳቀስ ከእንጨት ጋር በሻሼ አስሬ፣ ከአጎቴ ጋር በፒኪፒኪ ሞተር ብስክሌት መሃላችን አድርገን ሆስፒታል አደረስናት።

የሆስፒታሉ ነርስ «እንኳን አልበጣችኋት፤ ደሟ አልረጋ ብሏል፣ ፈስሶ ያልቅ ነበር» አለች።

«የከለከልኩት እኔ ነኝ» አላት አጎቴ፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ። ነደደኝ፣ ግን ዋጥኩት።

የመርዙ ማርከሻ መድኃኒት ተሰጥቷታል። እብጠቱ ግን ጉልበቷን አልፏል። ቤት ሂጂ ይሉኛል። ሐሊማ በእግሯ እስክትወጣ ከዚህ ንቅንቅ አልልም።