አሰጋሽ የገዛችው ድንኳን፤ ለእድራችን ዳኛ

ለተከበሩ ለአቶ ቢያድግልኝ፣ የላይ ሰፈር እድር ዳኛ
መካነ ሰላም
መስከረም 2008 ዓ.ም.

ጤናዎ እንደምን ከርሟል? ጉልበትዎስ፣ ወገብዎስ፣ ያ ስብሰባ በመሩ ቁጥር የሚከረክርዎት ጉሮሮዎስ? እኔ እግዜር ይመስገን፣ አላህም ይመስገን፣ ሁለቱም በጎረቤቶቼ ቤት ስላሉ አንዱን ጠርቼ ሌላውን አላስቀይምም፤ ደህና ነኝ። ለእርስዎ ረጅም ዕድሜ እንዲሰጥልኝ ጧት ማታ ዱዓ አደርጋለሁ፤ እርስዎ ቀድመውን ቢሄዱ የእርስዎን ቀብር እንደ እርስዎ አድርጎ የሚከለክል ሰው ከወዴት ይገኛል ብዬ እሰጋለሁና።

ይህን ደብዳቤ ግልጽ አድርጌ በእድሩ ቤት በር ላይ መለጠፌ ድፍረት እንዳይመስልብኝ። ነገር በሆድዎ መያዝ እንደሚከብድዎት ከነሐሴ ወዲህ ስለተረዳሁ፣ ሸክምዎን ላቀልልዎ ብዬ ነው።

ነገሩን የማያውቅ መንገደኛ ቆሞ ቢያነበው ግራ እንዳይገባው ባጭሩ ይኸውና፤ ልጄ አሰጋሽ በፍልሰታ ጾም መካከል ሞተች። አንድ ልጇ ቢተው ያኔ አዲስ አበባ፣ ሰዉ ሞርሞን የሚለው ሃይማኖት ሰባኪ ሆኖ በር ያንኳኳ ነበር። እርስዎ የሚመሩት ኮሚቴ፣ ልጇ እንዲህ ከሆነ እድሩ ለእናቲቱ አይወጣም ብሎ ወሰነ። ነገሩ ይኸው ነው፤ የቀረው ምስጋና ነው።

አንደኛ፤ ለሃይማኖታችን ስላሳዩት መቆርቆር አመሰግናለሁ። እድራችን እስላሙንም ክርስቲያኑንም አቅፎ የኖረ፣ ሥጋ ለይተን ስንበላ እንባ ሳንለይ ያለቀስንበት፣ ሼኹ ሲሞቱ ቄሱ ለቅሶ የተቀመጡበት፣ ቄሱ ሲሞቱ የሼኹ ልጆች ጉድጓድ የቆፈሩበት እድር ነው። በዚህ ሁሉ ዘመን የዘበኛ ቅጥር ላይ እንኳ ተስማምቶ የማያውቀው ኮሚቴዎ፣ አሰጋሽን አናወጣም ሲባል ግን እስላሙም ክርስቲያኑም ባንድ ላይ እጁን አወጣ። እንዲህ ያለ መፋቀር በወሎ ምድር ታይቶ አይታወቅም።

ደግሞም አሰጋሽ ወደ ጅዳ ስትሄድ ፓስፖርቷ ላይ ዙሀራ ተብላ እንደሄደች አይረሱትም፤ ስሙን የመረጡላት እርስዎ ነበሩና። «አሰጋሽ ብለሽ ማን ቪዛ ይሰጥሻል? ስም እኮ ነጠላ ነው፤ ስትመለሺ ታወልቂዋለሽ» ያሏት በእኔ ደጅ፣ የእኔን ጠላ እየጠጡ ነው። ዙሀራም ተባለች፣ ጥቁሩንም ለበሰች፣ የሰው ቤት ስታጥብ ከርማም ይህን ድንኳን ገዝታ ለእድሩ ላከች። ድንኳኑ የደረሰ ቀን እርስዎ ምርቃቱን እንዴት እንዳስረዘሙት፣ «አሜን» የምንል ሰዎች እጃችን ዝሎ በየተራ እናርፍ ነበር። ሳዑዲዎች ያገሬን ልጅ ጠርገው ሲያባርሩ በሽታዋን ታቅፋ ተመለሰች፤ ያን ጊዜም ማንም የምን ሃይማኖት ነሽ አላላትም። ለእንጀራ ተብሎ የተቀየረ እንደሚመረቅ፣ ያለ እንጀራ የተቀየረ ግን እስከ እናቱ ሬሳ ድረስ እንደሚያስቀጣ በዚህ ዕድሜዬ ስላስተማሩኝ እጅ ነሥቻለሁ።

ሁለተኛ፤ «ልጁ አዲስ አበባ ዶላር እየዛቀ ሰው ያስክዳል» ብለው ለጉባኤው ስለሰጡት ማብራሪያ አመሰግናለሁ። በምርጫው ቅስቀሳ ሰሞን ዓይኔን ልታከም አዲስ አበባ ሄጄ እሱ ዘንድ ስለሰነበትኩ፣ ዶላሩን ለማየት እጅግ ጓጉቼ ነበር። ሐኪሙ አንዱን ዓይኔን ሸፍኖት ስለነበር ይሆናል፣ አላየሁትም። በቀረችኝ ባንዷ ያየሁትን ልንገርዎ።

ጎረቤት ሳይነሣ ይነሣሉ። ሁልጊዜም ሁለት ናቸው፤ ሕጋቸው አንዱ ያለ ሌላው ከደጅ እንዳይወጣ ያዛል። የቢተው ጓደኛ ኦኬሎ የሚባል፣ ከካምፓላ የመጣ፣ የእኛ በር ውስጥ ለመግባት ሁለት ቦታ መታጠፍ ያለበት ረጅም ልጅ ነው። ማታ በሳፋ ያጠቡትን ነጭ ሸሚዝ እንደረጠበ ይለብሱታል፤ ክራባት ያስራሉ፤ ደረታቸው ላይ ትንሽ ጥቁር ሰሌዳ ይለጥፋሉ። ሰሌዳው በእንግሊዝ አፍ «ሽማግሌ» ነው የሚለው። ሃያ ዓመት ያልሞላው ልጅ ሽማግሌ ተብሎ ሲከበር፣ እኔ እዚህ በእድሩ ሰልፍ ላይ «አንተ ሽማግሌ፣ ዞር በል» ስባል ስለምውል፣ ሹመት ዱሮም ቦታዋን ስታ እንደምታድር ታየኝ። ሻይ አይጠጡም፣ ቡና አይቀምሱም፣ የጠላማ ስሙም አይነሣ። ቢተውን ስለ እምነቱ እንዲያስረዳኝ ጠይቄው፣ እዚህ ላይ ሲደርስ «በቃኝ ልጄ፣ ገባኝ» ብዬ አስቁሜዋለሁ። ስለዚህ እኔን ያስክደኛል ብለው አይስጉ።

ከዚያ ቀኑን ሙሉ በር ያንኳኳሉ። በሾላ በኩል አንዲት ሴትዮ መብራት ኃይሎች መስለዋት ቆጣሪውን በቀሚሷ ከለለችባቸው። አንዱ አባወራ ደግሞ የቀበሌ ካድሬዎች መስለውት፣ ገና አፋቸውን ሳይከፍቱ «መዝግቡኝ! እኔ ዱሮም ደጋፊ ነኝ፤ አንድ ለአምስትም ተደራጅቻለሁ» አላቸው። ይህን ሲነግሩኝ የተሸፈነው ዓይኔ እስኪያመኝ ሳቅሁ። ሌላው በር ግን አያስቅም። ከአንዱ ውሻ ይወጣል፣ ከአንዱ ስድብ፣ ከአንዱ እጣቢ። አንዲት አሮጊት ብቻ «ስብከታችሁን እዚያው፤ ጉልበት ካላችሁ ይህን ጀሪካን አድርሱልኝ» ብትላቸው፣ አደረሱላት፤ ሳትጠራቸውም ይመላለሱላት ነበር። ወደ ቤተሰብ መደወል የሚፈቀድላቸው በዓመት ሁለት ቀን፣ በገናና የእናቶች ቀን በሚሉት በዓል ብቻ ነው። አሰጋሽ «የእናቶች ቀን የሚባል ታቦት ደግሞ ከየት ወረደ?» ብላ ስቃ ስታበቃ፣ ቀኑ ሲደርስ ስልኩን ከጉያዋ ሳታወጣ ዋለች።

አንድ ምሽት ቢተው እግሩን በጨው ውሃ ነክሮ ሳለ፣ «አንተ ልጅ፣ ከሚከፍትልህ የሚዘጋብህ ይበልጣል፤ ለምን አገርህ አትገባም?» አልኩት። «አባባ፣ እዚያስ ቢሆን የሚከፈትልኝ መሆኑን በምን አውቃለሁ?» አለኝ። ሳቅሁበት። የእኛን ሰው አታውቀውም ብዬ ገሠጽኩት። እኔ ተሳስቼ እሱ ትክክል እንዲሆን ስለደከሙልን እናመሰግናለን።

ሦስተኛ፤ ስለ መርዶው። መርዶ ባገራችን እንዴት እንደሚነገር ለእርስዎ ማስረዳት ለቀባሪው ማርዳት ይሆንብኛል። ሆኖም መንገደኛው ያንብበው። እናቱ በሌለበት የሞተችበት ሰው በመንገድ አይነገረውም፤ በስልክም አይነገረውም። ሽማግሌ ይላካል። ሽማግሌው ማታ ደርሶ ዘመድ ቤት ያድራል፤ ጎህ ሲቀድ ይሄዳል፤ ልጁ በቤቱ፣ በመደቡ ላይ ተቀምጦ፣ ራሱን እንዳይጥል ከግራ ከቀኝ የሚይዘው ሰው ኖሮ፣ ያኔ ይነገረዋል። እኔም ይህንኑ ብዬ ባልንጀራዬን ደሳለውን በደጎሎ በኩል በሚያልፈው የአዲስ አበባ አውቶቡስ ሰደድኩት።

ደሳለው ገና ደጎሎ ሳይደርስ እርስዎ ስልክ ደወሉ። ኮሚቴው ሁሉ እንዲሰማ ድምፁን ከፍ አድርገው፣ «እናትህ አርፋለች። ያንን ነገር ትቻለሁ በልና እናውጣት፤ አለዚያ እንዳለች ትቆያለች» አሉት። ልጁ ያኔ ሾላ፣ አንድ የቆርቆሮ በር አንኳክቶ እስኪከፈት ቆሞ ነበር። ከእሱ የሰማችሁት ጩኸት ነው። ሸሚዙን ሊቀድ ደረቱን ሲይዝ ቁልፉ ተበጥሶ ጭቃ ውስጥ ገባ። ኦኬሎ ምን እንደተባለ አልገባውም። ብቻ ሁለት እጁን ይዞ፣ በነጭ ሸሚዙ ጭቃው ላይ ተቀምጦ፣ ጓደኛውን ጭኑ ላይ አስተኛውና ቢተው ያስተማረውን አንዲት የወሎ ቃል ይደጋግም ጀመር። «አብሽር፣ አብሽር፣ አብሽር።» በሩን የከፈተችው ሴት ውሃ አመጣች። እርስዎ ያልላኩትን ሽማግሌ እግዜር ከካምፓላ ልኮት ኖሯል።

ደሳለው መርዶ ይዞ ሲወርድ፣ ቢተው መርዶውን ሰምቶ ሲወጣ፣ መንገድ ላይ ተላለፉ። ደሳለው እስከ ዛሬ ያልነገረውን መርዶ በሆዱ ይዞ ይዞራል። እባክዎ ለማን እንደሚነግረው ይምከሩት።

አራተኛ፤ ልጇ ሳይደርስ ስላልቀበራችኋት ከልቤ አመሰግናለሁ። በደንቡ ቢሆን በማግሥቱ አፈር ትለብስና ቢተው በተደፈነ መቃብር ላይ ይደርስ ነበር። የሚቆፍር ስለጠፋ፣ ሬሳዋ በእኔ ቤት አንድ ሌሊት ጨምሮ ስላደረ፣ ደረሰባት። አለቆቹም እንዲሄድ ፈቅደውለት፣ ብቻውን መሄድ በሕጋቸው ስለሌለ ኦኬሎንም ይዞት መጣ። ነጭ ለባሾቹ ሲመጡ ልጆች አጥር ላይ ተንጠላጠሉ።

የእድሩ መቆፈሪያ ስላልተፈቀደ ጎረቤቴ ሙሐሲን የእርሻ ዶማውን ይዞ መጣ፤ ኦኬሎም ክራባቱን ፈትቶ ጉድጓድ ገባ። ቃሬዛ ስላልተፈቀደ የራሷን አልጋ አነሡላት። ሙሐሲንና ቢተው ከፊት፣ ኦኬሎ ከኋላ። አራተኛ ትከሻ ጠፍቶ አልጋው አዘንብሎ ሳለ፣ የእድሩ ጡሩምባ ነፊ ታደለ ጡሩምባውን ቤቱ ትቶ ትከሻውን ይዞ መጣ። ጡሩምባው የእድሩ ነው፤ ትከሻው ግን የራሱ ስለሆነ ቅጣት እንዳይጥሉበት አደራ። የነፍስ አባቷ ሳይጠሩ መጥተው ፈቷት፤ እሷ የማንንም ሃይማኖት ሳትለውጥ የሞተች መሆኗን የሚያውቁ እሳቸው ናቸውና።

ከቀብር መልስ የነሐሴ ዝናብ ወረደ። የሙሐሲን ሚስት ሀጀራ፣ ሁለት ሦስት ሴቶችም፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው በዝናብ አለቀሱላት። እንባና ዝናብ ስለማይለይ፣ ማን እውነቱን እንዳለቀሰ ማን እንዳላለቀሰ መመርመር አላስፈለገም፤ ይህም አንድ ጥቅም ነው። ድንኳኑ በእድሩ ቤት ተጣጥፎ፣ ጠብታ ሳይነካው በደህና ውሏል። እርስዎም በጃንጥላ ከአጥሩ ማዶ ቆመው፣ «ለእናቱ ቀብር እንኳ ሸሚዙን አልቆለፈም» ማለትዎን የሰማ ሰው ነግሮኛል። ከዚያ ሩቅ ቆመው ደረቱን ማየትዎ፣ እኔ ዓይኔን በከንቱ መታከሜን አሳወቀኝ።

እንግዲህ የምለምንዎት ጥቂት ነው። ስሜን ከእድሩ ይፋቁልኝ። እርሱ የሃይማኖት ነገር አይደለም፤ እኔ እንደዱሮው ጾሜን እጾማለሁ፣ ጠላዬን እጠጣለሁ፣ ልጁንም «አንተ ሽማግሌ» እያልኩ አበሽቀዋለሁ። የሞትኩ ቀን ጡሩምባ አይነፋ፣ ጃንጥላም አይዘርጉ። የሙሐሲን ዶማ አለ፤ የታደለ ትከሻ አለ። ኦኬሎም ሊሄድ ሲል፣ መርዶ እንዴት እንደሚነገር በቢተው አስተርጓሚነት ጠይቆኝ አስተምሬዋለሁ፤ በጎህ፣ በቤት፣ በመደብ ላይ፣ እጁን ይዞ። የእኔን መርዶ ለልጄ ልጅ የሚነግረው እሱ ነው። ሁለቱም ተመልሰው ዛሬም ሾላ በር ያንኳኳሉ። ያ የቆርቆሮ በርም፣ ባለፉ ቁጥር ይከፈትላቸዋል አሉ።

ቅን አሳቢዎ፣ ቆሞ በሄደበት ሁሉ ስምዎን በደግ የሚያነሣ፣ ከዚህ ቀን ጀምሮ በሬሳው የማያስቸግርዎት፣

ብዙነህ፤ የአሰጋሽ አባት

ማስታወሻ፤ ድንኳኑ ከመግቢያው በስተግራ ባለው ጥግ፣ በውስጥ በኩል፣ በቀይ ክር የተጠለፈ «አሰጋሽ» የሚል ጽሑፍ አለው። ዙሀራ እየተባለች በኖረችበት አገር እውነተኛ ስሟን ያሰፈረችው እዚያ ላይ ብቻ እንደነበር ራሷ ነግራኛለች። በሚቀጥለው ለቅሶ ከሥሩ ሲቀመጡ እንዳይረብሽዎት፣ ክሩን አስተርትረው ይላኩልኝ። ለቢተው ሸሚዝ የሚሆን ቁልፍ አግኝቻለሁ፤ የጎደለኝ መስፊያ ክር ነው። በነጭ ሸሚዝ ላይ ቀይ ክር ይታያል የሚሉኝ ከሆነ፣ ይታይ።