በጠርሙስ ስባሪ ላይ የተሻገረችው ጽጌረዳ

ሚያዝያ 3

ጠዋት ጽጌረዳዋን ውሃ አጠጣኋት። ከሰዓት በር ላይ ተቀመጥኩ። ሌላ ምንም የለም።

«አባባ፣ ይሄ ብቻ ነው?» አለች ምራቴ፣ እስክሪብቶዋን ይዛ። አዎ፣ ይሄ ብቻ ነው። ጻፊ። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፤ በልጅነቴ የቆጠርኩት ድንጋይ ነው። ግንበኛ ነኝ። ስንቱን ቤት ሠራሁ፣ አንዱም አልተሰነጠቀም። ዘንድሮ ግን የዛሬውን ነገ እረሳዋለሁ። ጽጌረዳዋን መቼ እንደኮተኮትኩ፣ መቼ ፍግ እንዳለበስኳት ይጠፋብኛል። ስለዚህ እኔ እናገራለሁ፣ እሷ ከሥራ ስትመለስ ትጽፋለች። ለማንም አይደለም። ለራሴ ነው። ሲያስፈልገኝ ታነብልኛለች።

እንዳታሳምሪው ብያታለሁ። እንደወጣ።

ሚያዝያ 10

እምቡጥ የለም። አምና ይሄኔ ቀይ ቀይ ብላ ነበር። ምን ነካት?

ይቺ እንደ አበባ ሻጯ ጽጌረዳ አይደለችም። የሱቋ አንገቷ ረጅም፣ መልኳ ሸጋ ነው፤ አፍንጫህን ብትቀብርባት ግን ወረቀት ናት። የእኛዋ አጭር ናት። ቅጠሏ የተጨማደደ፣ አበባዋ እንደ ጥቅል ጎመን ድርብርብ። ሽታዋ ግን... ጠዋት በር ስትከፍት ቀድማህ ትገባለች።

ያመጣት አባታችን ነው። ድንጋይ ፈላጭ ነበር። የሆነ አሮጌ ቤት ሲፈርስ ከጓሮው ነቅሎ፣ በእርጥብ ጆንያ ጠቅልሎ፣ በትከሻው ተሸክሞ መጣ። እናታችን «ዳቦ አምጣ ብልህ እሾህ ታመጣልኛለህ?» አለችው። «ሽታዋ ተከተለኝ፤ ምን ላድርግ?» አላት። ዕድሜውን ሙሉ ከአፉ የወጣ ለስላሳ ቃል እሱ ብቻ ነው።

ሚያዝያ 11

ምራቴ ትናንት የጻፈችውን አነበበችልኝና «‹አባታችን› ካሉ፣ ሌላው ልጅ ማነው ሊባል ነው» አለች። ማን ሊል? እሺ ጻፊ፤ አንድ ጊዜ ብቻ ነው የምናገረው። ከአጥሩ ማዶ ያለው ልብስ ሰፊ ታናሽ ወንድሜ ነው።

አባታችን ሲሞት ግቢው ለሁለት ተከፈለ። እሱ አጥር አይኑር አለ። እኔ አጥር ሰላም ነው አልኩ። «ጋሼ፣ ግንበኛ ስለሆንክ ሁሉም ነገር ግንብ ይመስልሃል» አለኝ። ዘመድ ሁሉ በተሰበሰበበት! ሳቁብኝ። በሳምንቱ ገነባሁት፣ ከቁመቴ በላይ። ጫፉ ላይ የጠርሙስ ስባሪ ተከልኩበት። ለሌባ ነው አልኩ። ሌባ የሚመጣው በመንገድ በኩል ነው ትላለች ምራቴ። አልጠየቅኳትም።

ከዚያ ወዲህ ቃል አልተለዋወጥንም። ስንት ክረምት መጣ፣ ሄደ።

የጽጌረዳዋ ሥር በእኔ በኩል ነው፤ ፀሐዩ በእሱ በኩል። ስለዚህ አጥሩን ተሻግራ እዚያ ታብባለች። እኔ አጠጣለሁ፣ ያ ልብስ ሰፊ ያሸታል። ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል ማለት ይሄ ነው።

ሚያዝያ 24

ምስጥ።

ግንዷን በጣቴ ጫን ባደርገው ጣቴ ገባ። እንደ ደረቀ ዳቦ። ውስጡ አፈር ሆኗል። በየቀኑ እያጠጣሁ እንዴት አላየሁም? የግንብ ስንጥቅ ከመንገድ ማዶ የምለይ ሰው...

ችግኝ ሻጩን አስጠራሁት። ጎንበስ ብሎ አየና ጉልበቱን አራገፈ። «ጋሽዬ፣ ይቺ አልቆላታል። ክረምቱን ከወጣች ትልቅ ነገር ነው።»

ሌላ ታመጣልኛለህ አልኩት።

«እንዲህ ዓይነቷ ከየት ትመጣለች? እኔ ራሴ የመጨረሻ ያሸተትኳት በልጅነቴ ነው።»

እራት አልበላሁም። ይሄን አትጻፊ አልኳት። ጽፋዋለች መሰለኝ፤ እስክሪብቶዋ አልቆመም።

ግንቦት 4

እየቆረጥኩ የተከልኳቸው እንጨቶች በሙሉ ደረቁ። በቆርቆሮ ተከልኩ፣ በጀሪካን ተከልኩ፣ በድስት ሳይቀር። ሁሉም ጠቆሩ። ምራቴ ድስቴን ይመልሱልኝ ትላለች።

ግንቦት 8

ችግኝ ሻጩ መላ ይዞ መጣ። እንዲህ ያለችው ተቆርጣ እንቢ ካለች፣ ሳትቆረጥ ትተከላለች አለኝ። ሕያው ቅርንጫፍ ታጎነብሳለህ። ሆዷን በስለት ጫር ታደርጋለህ። አፈር ታለብሳታለህ፣ እንዳትነሳ ድንጋይ ትጭንባታለህ። ከእናቷ እየጠባች የራሷን ሥር ታወጣለች። ያን ጊዜ ትቆርጣለህ። እናትየዋ ቀድማ ካልሞተች ነው ታዲያ።

ሕያው ቅርንጫፍ የቀረችው አንዲት ናት። አጥሩን የተሻገረችው።

«እንግዲያው ወንድምዎን...» ብላ ጀመረች ምራቴ። ዝም በይ አልኳት። እኔ? ደጁ ሄጄ ልለምን?

ግንቦት 9

ወደ እኔ በኩል ልመልሳት ጎተትኳት። ቀስ ብዬ ነው። እውነት ቀስ ብዬ ነው... ቀጭ አለች። አልተቆረጠችም፤ ጎኗ ተሰነጠቀ። ለቀቅኳት።

የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ሲባል እስቅ ነበር። እጄን እሾህ አድምቶታል፤ ምራቴ አዮዲን ስትቀባኝ ነው ያወቅኩት።

ግንቦት 10

ሆድ ይፍጀው።

ግንቦት 13

መሰላል ወጣሁ። ምራቴ ከታች ትጮሃለች። በዚህ ዕድሜዎ፣ ባሌ ሲመጣ ምን ይለኛል... ባሏ ልጄ ነው፤ ሹፌር ነው፤ መንገድ ላይ ነው። ምንም አይልም።

የወጣሁት ስንጥቋን ለማየት ነበር። አጥሩን ከሠራሁ ወዲህ ጫፉን በቅርብ አይቼው አላውቅም። ቅርንጫፏ የምታልፈው በጠርሙሱ ስባሪ መሃል ነው። ንፋስ በመጣ ቁጥር ሊገዘግዛት ይገባ ነበር። ድሮ ተቆርጣ መውደቅ ነበረባት።

አልተቆረጠችም። እጅጌ ለብሳለች።

የጨርቅ እጅጌ! ውስጡ ጥጥ አለው። እንደ ሕፃን ኮት እጅጌ በልኳ ተቀዶ፣ ስትወፍር እንዲሰፋላት በአዝራር የሚዘጋ። ስፌቱ ድርብ ነው። የላይኛው ሰማያዊ፣ ገና አዲስ። ከሥሩ ሌላ አለ፣ ፀሐይ የበላው። ከዚያም ሥር ሌላ፣ ክሩ ብቻ የቀረ። አንዱ ሲያልቅ በላዩ ሌላ ሲያለብሳት ኖሯል። ከእኔ ስባሪ ሊያድናት።

ሥራ አውቃለሁ። የማንም ይሁን የማን፣ ጥሩ ሥራ ሳይ አውቃለሁ።

«ምን አዩ?» አለች ምራቴ። ጨርቅ አልኳት። ወረድኩ።

ግንቦት 14

መሮና መዶሻ ይዤ ወጣሁ። ስባሪውን አንድ በአንድ ነቀልኩት። ተክዬው ነበር ለካ! ሲሚንቶውን አልቆጠብኩም። ክንዴ ዛለ።

ከማዶ ወንበር ሲጎተት ሰማሁ። ያ ልብስ ሰፊ ቀና ብሎ ያየኛል። ሸብቷል። አንድ ጥቁር ፀጉር የለውም። መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሏል፣ ሜትሩ አንገቱ ላይ ተንጠልጥሏል። መጥረጊያ አመጣና ወደ እሱ የወደቀውን ስባሪ ጠረገው። ሲያጎነብስ ወገቡን ይይዛል። እሱም አርጅቷል እንዴ? እሱ እኮ ትንሹ ነው...

ግንቦት 16

ቅርንጫፏ ማዶ ተንጠልጥላ ቀርታለች። መሬት ለመድረስ አንድ ክንድ ያህል ይጎድላታል። ስለዚህ ጠዋት እሷ በምታልፍበት ቦታ አጥሩን ከላይ ሁለት ረድፍ ብሎኬት አወረድኩት። በገዛ እጄ። ሌላ ሰው ነክቶት ቢሆን እጁን እሰብረው ነበር።

ላቤን ጠርጌ ወደ ማዶ ባይ፣ ሰውየው የአሮጌ ስፌት መኪና ጠረጴዛ አውጥቷል። ጠረጴዛው ላይ አፈር የሞላ ገንዳ አስቀምጧል። እሱ ደግሞ አፈሩን ወደ እሷ ከፍ ማድረጉ ነው! እኔ አወረድኳት፣ እሱ መሬቱን አወጣው። ቅርንጫፏ ገንዳው ላይ ተጠማዛ ተጋድማለች፣ እንደ ሰካራም።

«ማን አፍርስ አለህ?» አለኝ።

የመጀመሪያ ቃል።

«አንተንስ ማን ጠረጴዛ አውጣ አለህ?»

«ምራትህ። በስልክ።»

ዞሬ ወደ ታች አየሁ። ምራቴ ኩሽና ገብታለች።

«ሳትለካ ነው እንዴ የምትሠራው?» አለኝ።

«እኔን ነው ልኬት የምታስተምረኝ?»

«አንተ የምታውቀው ግንብ መለካት ነው። ልብስ ሰፊ ብትሆን ሰዉን ራቁቱን ታስቀረው ነበር።»

«አንተም ግንበኛ ብትሆን ቤቱን በአዝራር ትዘጋው ነበር!»

ሳቀ። ሊስቅ አልፈለገም፤ አመለጠው። ከዚያ መነጽሩን አውልቆ ዐይኑን ጠራረገ። «ጋሼ፣ ውረድ፤ ትወድቃለህ» አለኝ።

አልወረድኩም። ግን ሰማሁት።

ጠረጴዛው ተነሳ፤ ገንዳው መሬት ላይ ተቀመጠ። እኔ ከላይ ቀስ እያልኩ ለቀቅኳት፣ እሱ ከታች ተቀበላት። በመቀሱ ጫፍ ሆዷን ጫር አደረጋት። እጁ አይንቀጠቀጥም። አፈር አለበሳት። ካወረድኩት ብሎኬት ግማሹን አቀበልኩት፤ በላይዋ ጫነው።

አሁን ይሄን ሁሉ ስናገር ምራቴ ቀና ብላ አላየችኝም። የስልኩንስ ጻፍሽው? አልኳት። «ጽፌዋለሁ፣ አባባ» አለች፣ ድምጿን ቀንሳ። ጎበዝ።

ሰኔ 20

ይዘንባል። እኔ ገንዳው ውሃ በዛበት እላለሁ፤ እሱ ቆርቆሮ ጥላ ሠርቼለታለሁ፣ እንዲያውም ደርቋል ይላል። በክፍተቱ በኩል ተጨቃጨቅን። ጎረቤት ወጥቶ አየን። ይይ!

ሐምሌ 15

ግንዷ ዘመመ። ሊፈርስ እንደደረሰ ቤት በእንጨት ደገፍኩት። ቅርፊቷ ሕይወት ያለው በአንድ ጎን ብቻ ነው፣ የሁለት ጣት ስፋት። ማዶ የሚሄደው ሁሉ በዚያች ያልፋል። አንቺ ልጅ፣ ፍጠኚ እንጂ።

ነሐሴ 8

ማዶ ቅጠሏ ቢጫ ሆነ። ታናሼ ሊነግረኝ መጣ። በክፍተቱ አይደለም፤ በመንገድ ዞሮ፣ በሬን አንኳኩቶ። ዝናብ መቶታል። ግቢውን ዞር ዞር ብሎ አየ፣ እንደ እንግዳ። ከዚያ የተደገፈው ግንድ አጠገብ ቆመ።

«ከሞተችስ?» አለኝ።

«ከሞተች ሞተች።»

«እሱን አይደለም የጠየቅኩህ። ከሞተች አጥሩን መልሰህ ትገነባዋለህ ወይ?»

ይሄ ምን ዓይነት ጥያቄ ነው? ጃንጥላ ያዝ ብዬ ሸኘሁት።

እስከ አሁን ጥያቄው ሆዴ ውስጥ ነው። አትሙቺ፣ እባክሽ።

መስከረም 14

ግንዷ ሞተ። ያቺ አረንጓዴ ጎን ጠቁራለች። ዛሬ ጠዋት ነው ያየሁት።

ምራቴን ሳልጠራ ወጣሁ። በመንገዱ ዞርኩና የእሱን በር አንኳኳሁ። ከፍቶ ፊቴን ሲያይ ቀድሞኝ ወደ ገንዳው ሄደ። ሁለታችንም ገንዳው አጠገብ ተንበረከክን። ለመንበርከክ ራሱ ተደጋግፈን ነው። ብሎኬቱን አነሳ። «አንተ ሳባት» አለኝ። «አንተ ሳባት» አልኩት። «ጋሼ፣ ታላቅ ነህ።»

ሳብኳት፣ ቀስ ብዬ። እሷም ሳበችኝ።

ሥር ይዛለች! ደግሜ ሳብኩ። አትነቃነቅም። ታናሼ አፈሩን በጣቱ ገለጥ አደረገው፤ ነጭ ነጭ ሥር፣ እንደ ስፌት ክር። መቀሱን ሰጠኝ። ከሞተችው ለየኋት።

«በል ገንዳውን ውሰደው፤ ያንተ ናት» አለኝ።

የእኔ አፈር ምስጥ አለበት፣ እዚሁ ትሁን አልኩት።

«በምስጡ ምክንያት ብቻ ነው?»

«በምስጡ ምክንያት ብቻ ነው።»

ታኅሣሥ 2

የዛሬውን የምትጽፈው ምራቴ አይደለችም፤ እሷ ዛሬ ሥራ ቦታ ተረኛ ናት። የሚጽፈው ወንድሜ ነው። የእሱ በረንዳ ላይ ነን።

የፊቱን ገጽ እንዳትገልጥ ብዬው ነበር። ገለጠ። «‹ያ ልብስ ሰፊ›?» አለኝ። እሱን እለፈው አልኩት። «አጥሩን ትገነባዋለህ ወይ ያልኩህን ‹ይሄ ምን ዓይነት ጥያቄ ነው› አልክ?» አለኝ። እሱንም እለፈው። እጅጌው ጋ ሲደርስ ግን ራሱ ቆመ።

«ከሥር ያየኸው፣ ክሩ ብቻ የቀረው» አለኝ፣ «ከአባታችን ኮት ቀድጄ ነው የሰፋሁት።»

ይሄንን መጻፍ ግድ ነው ወይ ይለኛል። ግድ ነው፤ ጻፍ።

ሦስት እምቡጥ አውጥታ ነበር። አንዱ ዛሬ ጠዋት ፈነዳ። አፍንጫዬን ቀበርኩበት፤ እሾሁ ጉንጬን ጫረኝ። «ያን ሁሉ ዘመን ስታጠጣት በቅርብ አሽትተሃት አታውቅም እንዴ?» አለኝ። በአጥሩ ላይ ተሻግሮ የሚመጣውን ነበር የማሸተው አልኩት። ከዚህ በኩል ሌላ ናት።

«አጥሩንስ መቼ ነው የምትሞላው? እንደ ወለቀ ጥርስ ሆኖ ቀረ እኮ።»

ግንበኛ ጠይቅ አልኩት። የማውቀው ግንበኛ ጽጌረዳ ያሸታል፤ ጊዜ የለውም።

ይሄንንም ጻፈው አልኩት። እየሳቀ ጻፈው። ፊደል አላውቅም፤ መስመር ግን አውቃለሁ። የመጨረሻው መስመር ተንጋዷል።

ተወው፤ አታስተካክለው።